ድርጎ ያልሁበት ቀን

ለውድ እኅቴ ለወይዘሮ የወይንሐረግ፤ ካለሽበት ከጂንካ ይድረስ።

ጎርፍ የማይወስደው፥ የመንገድም ርዝመት የማያደክመው የእግዚአብሔር ሰላም ከቤትሽ ምሰሶ እስከ ጓሮሽ አጥር ድረስ ይሙላ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንደምን አደረገሽ? ባለፈው ጊዜ ከቤትሽ እስከ ገበያ ሦስት ቦታ ዐርፈሽ እንደምትደርሺ ሰምቼ አዝኜ ነበር፤ አሁን ስንት ቦታ ታርፊያለሽ? መምህር ሶያማስ የዓይኑ ግርዶሽ ከተገፈፈለት ወዲህ መጽሐፍ ያነባል ወይስ አሁንም ዕድላዊት ናት የምታነብለት? ቢንያም ያንን ሞተር ብስክሌቱን ሸጠ ወይስ በዚያ ቁልቁለት እየበረረ ነፍስሽን ሲያስጨንቃት ይውላል? ዕድላዊትስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? ሁላችሁንም በስም በስም እየጠራሁ በጸሎት አስባችኋለሁ።

እኔ እንደሆንሁ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በእግሬ ቆሜ ማኅሌት እቆማለሁ። ሳሉ ከክረምት ጋራ መጥቶ ከክረምት ጋራ የሚሄድ የቆየ እንግዳዬ ስለሆነ እንደ በሽታ አልቈጥረውም። ሰበታ ጭቃዋ ጉልበት ደርሷል። ከደብሩ ወደ ቤቴ የምትወስደዋ መንገድ ዘንድሮም እንደ አምናው ሳትሠራ ቀርታለች፤ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ሁሉ «ሬዲዮውን ዘግተው ያተረፉት ገንዘብ የታለ?» እያለ ይነሣል። ይህን ብዬ ወደ ነገሬ ገባሁልሽ።

ስልክ እያለ ወረቀት መላኬ ይደንቅሽ ይሆናል። እኔና አንቺ በስልክ የምንጀምረው ነገር ሁሉ «እንዴት ዋልሽ፥ እንዴት ዋልህ» ላይ ያልቃል። ከዚያም በላይ፥ አሁን የምነግርሽ ነገር ከአፌ በወጣ አንድ ቃል የመጣ ጥፋት ነውና ዳግመኛ አፌን ላምነው አልፈቀድሁም። በብዕር ይሁን፥ እያንዳንዱንም ቃል አርሜ ልለፍ አልሁ። ነገሩ ስለ ልጅሽ ስለ ያኔት ነው። አትደንግጪ፤ በጤናዋ ናት። ነገር ግን ሬዲዮው ለምን እንደ ተዘጋ በጠየቅሻት ጊዜ የሰጠችሽ መልስ ሙሉው እውነት አይደለም። የጎደለውን የምሞላው እኔ ነኝ።

የሞግሌ ሬዲዮን በስም ታውቂዋለሽ እንጂ ቤቱን አላየሽውም። ከእህል ወፍጮ ጀርባ የነበሩ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለው ግድግዳውን በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ለብጠውታል። ወፍጮው ሲነሣ ግን ካርቶኑም አያድንም፤ ስለዚህ ባለወፍጮው ዜና በሚነበብበት ሰዓት ሞተሩን ያጠፋ ነበር። ጤፋቸውን ተሸክመው የተሰለፉት ሴቶችም «ቆይ፥ ያኔት ትጨርስ» እየተባባሉ ይጠብቁ ነበር። ልጅሽ ጠዋት በአፋን ኦሮሞ፥ ከሰዓት በኋላ በአማርኛ ታነባለች። የምታነበውም የታላላቆችን ወሬ አልነበረም። በተጂ ገበያ ጤፍ ስንት እንደዋለ፥ የማን በሬ ከየት እንደ ጠፋ፥ የሕፃናት ክትባት በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚሰጥ፥ ውኃ በየትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ነበር። ከሰበታ እስከ ቡራዩ፥ ከዚያም እስከ ሱሉልታ ድረስ ሰው ቀኑን የሚያሰናዳው በእርሷ ድምፅ ነበር። «ያኔት ሶያማ ነኝ» ስትል በየሱቁ በር ላይ የተቀመጠ ሁሉ «እንዴት ዋልሽ» ብሎ የሚመልስላትን ያህል ለምደዋት ነበር።

ለእኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ዐሥር ደቂቃ ሰጥተውኝ ነበር። ሬዲዮው የሁሉም ነውና ስብከት አይፈቀድም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። የቃላትን ዘር እቈጥር ነበር፤ አንድ ቃል ከየት እንደ መጣ፥ አባቶች በምን አገባብ ይናገሩት እንደ ነበር አስረዳለሁ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ላማትብ ብዬ እጄን ወደ ማይክራፎኑ ባነሣ ልጅሽ «አጎቴ፥ ማይኩን አይባርኩት፤ ዝም ብለው ይናገሩ» ብላ አሣቀችኝ። አድማጮች ይደውላሉ። ከቤቴ በታች ባለው ሱቅ ባትሪና ጨው የሚሸጠው ሀሰኖ እንኳ ሁለት ቤት አልፎ ያለሁትን እኔን በሬዲዮ መጠየቅ ይወድ ነበር። እኅቴ፥ እውነቱን ልናገርና፥ ያቺ ዐሥር ደቂቃ አንገቴን አቅንታልኝ ነበር። በዓውደ ምሕረት ስናገር የማያውቀኝ ሰው በታክሲ ውስጥ በድምፄ ሲለየኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጥፋቴ ከዚያ ጀምሮ ሥር ሰድዷል።

ሬዲዮው የሚተዳደረው በመንግሥት ድጎማ ነበር። ከሦስቱ ከተሞች ግብር የሚወጣ ነው፤ በየዓመቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ዐሥራ ዘጠኝ አባላት ያሉት የሬዲዮው የጋራ ጉባኤ ይወስናል። ለዓመታት ማንም ሳይነጋገርበት እጅ እየወጣ ያልፍ ነበር። ዘንድሮ ግን በየካቲት አንድ ወንዝ እንደ ምሥር ወጥ ቀልቶ ወረደ። ከየትኛው ፋብሪካ እንደ መጣ እኔ አላውቅም፤ ያኔትም አልተናገረችም። ከብቶቻቸው ያንን ጠጥተው የታመሙባቸውን ገበሬዎች ቃል ብቻ እንደ ነገሯት በሁለቱም ቋንቋ አነበበች። ከዚያ ቀን ወዲህ ድጎማው ጥያቄ ሆነ።

ክርክሩን በየታክሲው ሰማነው። አንዱ ወገን «መንግሥት የሚከፍለው ከሆነ የመንግሥትን ይናገር እንጂ በገዛ ገንዘባችን እንሰደብ?» ይላል። ሌላው ወገን፥ በተለይ ወጣቶቹ፥ «በመንግሥት ብር የሚሠራ ሬዲዮ ምን ነፃነት አለው? ይቅርብን፤ ስልካችን ይበቃናል» ይላሉ። በቡራዩ ሆቴል ያለው አንድ የጉባኤው አባል ደግሞ «ሰሚ ካለው ማስታወቂያ አግኝቶ ይኑር፥ ከሌለው ይዘጋ። ግብራችን ለኮብልስቶን እንጂ ለወሬ አይደለም» እያለ ይዞራል። ተመልከቺ እንግዲህ፤ ሦስቱ እርስ በርሳቸው አንድ ማዕድ የማይቈርሱ ናቸው፤ በሬዲዮው መዘጋት ግን አንድ ቃል ሆኑ። ሀሰኖ ብቻ «መሪጌታ፥ ሬዲዮው ከተዘጋ ባትሪዬን ለማን ልሸጥ ነው? ባለስልኩ ሁሉ ቻርጅ ሊያደርግ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ያውም በነፃ!» እያለ ያላግጥ ነበር።

ከዐሥራ ዘጠኙ ስምንቱ ይዘጋ ባዮች፥ ስምንቱ ይቀጥል ባዮች ነበሩ። ልባቸው ያልቆረጠው ሦስት የሱሉልታ ገበሬዎች ነበሩ። ያኔት ይህን ታውቅ ነበርና «ሽማግሌ ያከብራሉ፤ አጎቴ ይናገሩልን» ብላ ስሜን አስመዘገበች። ግንቦት ሃያ ስምንት ቀን ስብሰባው ወደሚደረግበት ወደ ቡራዩ አዳራሽ አብረን ስንሄድ በታክሲው ውስጥ እንደ ሕፃን አጠናችኝ። «አጎቴ፥ የተሰጠዎ አምስት ደቂቃ ነው። ድጎማው ይቀጥል፤ ሬዲዮው የሕዝብ ነው፤ መንግሥት ይክፈል እንጂ አይዘዝ። ይህን ይበሉና ይቀመጡ። አደራዎን፥ ግዕዝ አያስገቡ» አለችኝ። እኔም «አላስገባም» አልኋት። ቃሌንም ጠበቅሁ፤ ግዕዝ አላስገባሁም። ያስገባሁት ከግዕዙ የባሰ ነው።

ተራዬ ደርሶ ተነሣሁ። «ድጎማ» የሚለው ቃል በአፌ መጥቶ ሳለ ለጉባኤ የሚመጥን መስሎ አልታየኝም፤ የጽሕፈት ቤት ቃል ሆነብኝ። ስለዚህ «ለዚህ ሬዲዮ የሚሰጠው ድርጎ ነው» ብዬ ጀመርሁ። አንቺ ከአባታችን ሰምተሽዋልና ታውቂዋለሽ። እኔ በጎንጅ ቅኔ ስማር አኮፋዳ አንጠልጥዬ በየበሩ ቁራሽ እለምን ነበር። የለመነ ተማሪ የሰጠውን ይመርቃል፥ የነፈገውን ይረግማል፥ ውሻ ያባርረዋል። ከቤተ መንግሥት ድርጎ የተቆረጠለት ደብር ግን ከማንም ደጅ አይቆምም። ድርጎ ልመና አይደለም፤ ዕውቀት እንዳይጠፋ፥ ባለ ዕውቀቱም የባለጠጋ አወዳሽ እንዳይሆን የሚሰፈር የሥራ ድርሻ ነው። ድርጎውን የሚሰጠው ንጉሥም ወደ ማኅሌት ገብቶ ዜማውን አያርምም፤ ዜማ የሚያርም መምህሩ ነው። «ይህም ሬዲዮ ድርጎው አይቋረጥበት፤ ድርጎውን የሚሰጥም ዜማውን አይንካበት» አልሁ። ሁለቱንም ወገን በአንድ ቃል የመለስሁ መሰለኝ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ይበል!» ቢሉ ልቤ ዐበጠ፤ የተቀመጠልኝን የአምስት ደቂቃ ወሰን አልፌ እስከ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ድረስ ተናገርሁ። ያኔት ከጥግ ሆና በእጇ «ይብቃዎ» እያለች ነበር፤ አይቻታለሁ፥ አልተቀመጥሁም።

ቃለ ጉባኤውን በሁለት ቋንቋ የሚጽፈው ዲሪርሳ የሚባል ጨዋ ወጣት ነው። «ድርጎ» የሚለውን ቃል ሰምቶት አያውቅም። ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ድርጎ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ጎረቤቱ «ቀለብ ነዋ፤ ለእንግዳ፥ ለእስረኛ የሚሰፈር» አለው። እርሱም «ሬዲዮው ቀለብ የሚሰፈርለት ነው ብለዋል» ብሎ ጻፈ፥ ጮክ ብሎም ለጉባኤው አነበበ። ባለሆቴሉ ብድግ አለና «አባታችንን እግዚአብሔር ይስጥልን! እኛ ዓመቱን ሙሉ ተከራክረን ያላወጣነውን ቃል እርሳቸው አወጡት። ድርጎኛ ነው አሉ። ቀለብተኛ አፍ ደግሞ የሕዝብ ድምፅ አይሆንም» አለ። አዳራሹ ሣቀ። እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢው በትሕትና «አባታችን፥ ተራዎን ጨርሰዋል፤ እንዲያውም አስጨርሰዋል» አሉኝ። ዳግመኛም ሣቁ። ድምፅ ተሰጠ፤ ዐሥራ አንድ ለስምንት ተዘጋ።

ስንወጣ ከሦስቱ የሱሉልታ ገበሬዎች አንዱ፥ ፀጉራቸው እንደ እኔው የነጣ ሽማግሌ፥ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «መሪጌታ፥ እኔስ ይቀጥል ልል ነበር የመጣሁት፤ አምና የጠፋ በሬዬን ያገኘልኝ እርሱ ነው። እርስዎን የመሰለ ሊቅ ቀለብተኛ ነው ካለ ግን እኔ ማን ነኝና እከራከራለሁ ብዬ እጄን ከሚዘጋው ጋራ አወጣሁ» አሉኝ። ሊያመሰግኑኝ ነበር የመጡት። እኅቴ፥ ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ እንዲህ ዓይነት ክብር ሰው ላይ እንዳይደርስ ጸለይሁ።

 ቤት ስንደርስ ልጅሽ ጫማዋን እያወለቀች «አጎቴ፥ ድጎማ ቢሉ ምን ነበረበት?» አለችኝ፤ አልጮኸችም። እዚያ ላይ ይቅርታ ብጠይቃት ምናልባት ነገሩ ያን ቀን ባለቀ። እኔ ግን «ቃሉ ትክክል ነው። ያልተማረ ቢሳሳት ጥፋቱ የኔ አይደለም» ብዬ መለስሁ። በአዳራሹ የተናገርሁት ስሕተት ነው፤ በቤቴ የተናገርሁት ግን ኃጢአት ነው። እርሷም «ልክ ነዎት አጎቴ። ልክ ሆነው ዘጉት» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ ሀሰኖ ከሱቁ ደጃፍ ጠርቶ አስቀመጠኝ። ሰው ሁሉ ሲፈራኝ እርሱ አይፈራኝም። «መሪጌታ፥ ይቅርታዎን፤ እኔ ነጋዴ ነኝ። ደንበኛ ጨው ሲለኝ ጨው ነው የምሰጠው፤ የአሞሌን ታሪክ አልተርክለትም» አለኝ። ሣቅሁ። አርባ ዓመት ጉባኤ ዘርግቼ ያልተማርሁትን በአንዲት ባትሪ ሱቅ ደጃፍ ተማርሁ።

ያን ቀን ተነሥቼ ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ልጠይቅ ሄድሁ። ዲሪርሳ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። «መሪጌታ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃሉን ስላላወቅሁ እርስዎን መጠየቅ ሲገባኝ ጎረቤቴን ጠየቅሁ። በየትም ቦታ ቢጠይቁኝ እመሰክራለሁ» አለ። ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። «አይደለም ልጄ፤ አንተ የሰማኸውን ጻፍህ። እኔ ነኝ ሰው የማይሰማውን የተናገርሁ» አልሁት። አለቃው ግን «የጸደቀ ቃለ ጉባኤ የሚታረመው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው፤ እርሱም በመስከረም ነው» አለኝ። በጀቱ የሚያልቀው ሰኔ ሠላሳ ነው። ሬዲዮው በሰኔ ይሞታል፥ እርማቱ በመስከረም ይወለዳል ማለት ነው። ተማሪ አንድ ፊደል ቢገድፍ እዚያው አቁሜ የማርም ሰው፥ የራሴን ግድፈት ሦስት ወር ጠብቅ ተባልሁ።

ሰኔ ሠላሳ ቀን በሀሰኖ ሱቅ ውስጥ ሆነን የመጨረሻውን ሰማን። የስንብት ቃል እንዳትናገር ታዝዛ ነበርና አልተናገረችም። እንደ ሌላው ቀን የጤፉን ዋጋ አነበበች። በመጨረሻም የግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ቡናማ ላም ከተጂ አጠገብ መጥፋቷን፥ ያገኘ ሰው በዚህ ቁጥር እንዲደውል ተናገረች፤ ቁጥሩንም ሁለት ጊዜ ደገመችው። «ያኔት ሶያማ ነበርሁ» አለች። «ነኝ» ትል የነበረችውን «ነበርሁ» አለችው፤ ሌላ ምንም አልጨመረች። የሬዲዮው ሳጥን ሽው ሲል ባለወፍጮው ሞተሩን አስነሣ። ላሚቱ ትገኝ አትገኝ እስከ ዛሬ የሚነግረን የለም። ያ ወንዝም ባለፈው ሳምንት ዳግመኛ ቀልቶ ወርዷል አሉ፤ እርሱንም የሚያነብልን የለም። በዚያው ሞገድ ላይ አሁን ከሌላ ቦታ የሚቀዳ ዘፈንና የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ይሰማል። ነፃ ሬዲዮ ይኑረን ያሉት ወጣቶች ነፃ ሬዲዮ አላገኙም፥ የመንግሥት ይሁን ያሉትም የመንግሥት ሬዲዮ አላገኙም፤ ሁሉም ግን አሸነፍን ይላሉ። ባለሆቴሉማ በደረሰበት ሁሉ «መሪጌታ ሳህሉ እንዳሉት» እያለ ስሜን ይጠራል። የእኔ ስም ለክፉ ነገር መጠቅለያ ሆነ።

ያኔት ለጥቂት ቀን ቤት ዋለች። ከዚያ በሱሉልታ በኩል አንድ መሥሪያ ቤት ድምፅዋን ያውቃልና ቀጠራት። ሥራው በመኪና ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ በየገበያው እየዞሩ የተጻፈ መልእክት ማንበብ ነው። የምታነበውን አትጽፈውም፥ የምትጠየቀውንም አትመልስም። ይህን ሰምተሽ ነው የሐዋርያት ጾም በተፈታ ማግስት ደውለሽ የተቆጣሻት። ስልኩ ጮክ ብሎ ይሰማ ነበርና እያንዳንዱን ቃልሽን ሰማሁ። «ለእውነት እንድትናገሪ ነው ያስተማርኩሽ ወይስ የሰጡሽን እንድታነቢ? ደግሞስ ሽማግሌ አጎትሽን ለብቻው ጥለሽ ሱሉልታ ቤት ትከራያለሽ?» አልሻት። ሬዲዮው ለምን ተዘጋ ብትያት «ገንዘብ አጥሮ ነው እማዬ» አለችሽ። «አጎትሽ ተናግሮላችሁ የለም እንዴ?» ስትያት ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ከፊት ለፊቷ ወንበር ላይ ነበርሁ። «አዎ፥ ጥሩ ተናገሩ» አለች። እኅቴ፥ እኔም ዝም አልሁ። ልጅሽ ስለ እኔ ስትሰደብ፥ ስለ እኔም ስትዋሽ፥ እንደ ግድግዳው ካርቶን ድምፅ ውጬ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን ዕቃዋን ይዛ ሄደች።

ከሄደች በኋላ ቤቱ በላዬ ላይ ሰፋ። ባለፈው ቅዳሜ አልቻልሁምና በሁለት ታክሲ ሱሉልታ ድረስ ሄድሁ። ገበያው መካከል መኪናዋ ቆማለች፤ ልጅሽ ከመኪናዋ ውስጥ ሆና ታነባለች። የምታነበው ስለ መሬት ግብር መክፈያ ቀን ነበር። ሰው አይሰማትም፤ ድንቹን ይመዝናል። ዝናቡ ይወርድ ጀመር፥ እኔም እዚያው ቆምሁ። አየችኝ። ማንበቧን ቀጠለች፥ ከዚያ ድንገት «አጎቴ፥ ይበርድዎታል፤ ይግቡ!» አለች፤ ማይክራፎኑን ማጥፋት ረስታ ነበርና ገበያው በሙሉ ሰማ። አንዲት ድንች ሻጭ «እናንተ፥ አጎት ግቡ ተባላችሁ!» ብትል ሰዉ ሁሉ ሣቀ። ያን ሁሉ ስታነብ ሰው የሰማት ያን አንድ ቃል ብቻ ነው።

ገብቼ ተቀመጥሁ። በታክሲው ውስጥ ያሰናዳሁትን ረጅም ንግግር ሁሉ ጣልሁትና «በድዬሻለሁ» አልኋት። በዕድሜዬ የተናገርሁት አጭሩ ነገር ነው። እርሷም የካፖርቴን ውኃ በእጇ እየጠረገች «አሁንማ ቃልዎ ተፈጸመ አጎቴ። ቀለብተኛ ሆኛለሁ» ብላ ሣቀች፤ ሣቋ ግን ከአንቺ የወረሰችው ሣቅ አልነበረም። ጠርጋ ስትጨርስ «እማዬ ታውቃለች?» አለችኝ። «አታውቅም» አልሁ። «እንግዲያስ ለእኔ አልነበረም የሚነግሩት። እኔማ እዚያው ነበርሁ» አለች። ከዚያ ማይክራፎኑን አነሣችና የግብሩን ቀን ከመጀመሪያው አንብባ ጨረሰች።

ስለዚህ ይኸው ነገርሁሽ። ሬዲዮው የተዘጋው ገንዘብ አጥሮ አይደለም። ይዘጋ ባዮቹ ክፋታቸው እንዳለ ሆኖ፥ የጎደላቸውን ቃል ያቀበልኋቸው እኔ ነኝ፤ ያቀበልኋቸውም ሰው እንዲያደንቀኝ ብዬ ነው። ያኔት ያልፈለገችውን ሥራ የያዘችው በእኔ ነው፤ ከቤቴ የወጣችው በእኔ ነው፤ ለአንቺ የዋሸችውም ለእኔ ብላ ነው። በመስከረም እርማቱን ይዤ ጉባኤው ፊት እቆማለሁ፤ «ድጎማ» ብቻ እላለሁ፥ እቀመጣለሁ። የሚሰሙኝ አይመስለኝም። አንቺ ግን ዛሬውኑ ደውለሽላት የተቆጣሻትን ቁጣ መልሰሽ ውሰጂ። ወደ አጎትሽ ተመለሺ አትበያት፤ ያንን እርሷ ትወስነው።

መምህር ሶያማን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ልጁን በአደራ ሰጥቶኝ እንዲህ ስላደረግሁ ፊቱን የማይበት ዓይን እስካገኝ ይታገሠኝ። ቢንያምን ሳሚልኝ፤ ሞተሩን ቀስ ብሎ ይንዳ። ዕድላዊትን ዓይኖቿን ሳሚልኝ፤ ስትናገር ሰው በሚሰማው ቃል ትናገር። ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ለእያንዳንዳቸው ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ሀሰኖም «የጂንካዋን እኅትዎን ሰላም ይበሉልኝ» ብሎኛል። አንቺን ግን አሁን ሰላም አልልሽም፤ በመጀመሪያ ተቆጪኝ፥ ቁጣሽንም ጨርሺው፤ ሰላምታዬን ከዚያ በኋላ እልክልሻለሁ።

በዳዩ ወንድምሽ ሳህሉ

ሰበታ፤ ሐምሌ ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓመተ ምሕረት